ወላጅ ካልወደቀ ልጅ አይመዘገብም

ባሌ ሶፋ ሠሪ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ልኩራራ ብዬ አይደለም፤ የማወራላችሁ ጣጣ ሁሉ ከሙያው ስለመጣ ነው። ሰውዬው መቀመጫ ካየ ዝም ብሎ አይቀመጥም። መጀመሪያ በቡጢው ይጫነዋል፤ ከዚያ እጁን አንስቶ ስፖንጁ ወደ ቦታው እስኪመለስ በልቡ ይቆጥራል። በሁለት ከተመለሰ ራሱን በእርካታ ይነቀንቃል። በአምስት ከተመለሰ ፊቱን ያጨማድዳል። ጭራሽ ካልተመለሰ ቆሞ ይውላል እንጂ አይቀመጥም። አውቶቡስ ላይ ያደርገዋል፣ ባንክ ቤት ያደርገዋል፤ ከአባቴ ጋር ላስተዋውቀው ቤት የወሰድኩት ቀን እንኳ አድርጎታል። አባቴ "ተቀመጥ እንጂ ልጄ" ቢለው ሶፋውን ተጫነ፣ ቆጠረ፣ ከዚያ "አባባ፣ ይሄን የሸጠልዎት ሰው አታልሎዎታል፤ ውስጡ ቁርጥራጭ ጨርቅ ነው" አለው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አባቴ በሳምንቱ ሶፋውን ቀዶ አየው፤ እውነትም ቁርጥራጭ ጨርቅ! ከዚያ ወዲህ ከእኔና ከእሱ ማንን እንደሚመርጥ አባቴን ለመጠየቅ ደፍሬ አላውቅም።

እኔ ደግሞ ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ክፍል ነው የምሠራው። ስም እየጠራሁ ካርድ አወጣለሁ። የማን ልጅ ከየት ወድቆ ምኑ እንደተሰበረ ከሐኪሙ ቀድሜ የማውቀው እኔ ነኝ። እንግዲህ ቤታችን ውስጥ የመውደቅ ነገር ሁለት ሊቃውንት አሉት፤ አንዱ ከሥር ምን መነጠፍ እንዳለበት ያውቃል፣ አንዷ ሳይነጠፍ ሲቀር ምን እንደሚመጣ ታውቃለች። ከእነዚህ ከሁለቱ የተወለደችው ልጅ ምን ብትሆን ጥሩ ነው? ፌንጣ!

ፌንጣ ያላት ሰፈሩ ነው። ሰባት ዓመቷ ነው፤ መራመድ የሚባል ነገር አታውቅም። ደረጃ በሁለት በሁለት፣ ደስ ካላትም በሦስት በሦስት ትወርዳለች። የአባቷ ወርክሾፕ ከቤታችን ሥር ስለሆነ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ቦርሳዋን ትወረውርና ገና ጨርቅ ያልለበሰ ሶፋ ላይ ትወጣለች፤ ከዚያ ዘላ ወደ ስፖንጁ ክምር። እዚያ ተገልብጣ፣ ተነስታ፣ ደግሞ ወደ ሶፋው። አባቷ መቀሱን እንደያዘ "ቀስ በይ! ኧረ ቀስ በይ ልጄ!" ሲል ይውላል። ደንበኛ ሲመጣ ግን "ጥንካሬውን እየፈተነችልኝ ነው" ይላል። ውሸቱን አይደለም።

ታዲያ አንድ ቀን ፌንጣ ቁም ሳጥን ላይ ወጥታ አልጋዬ ላይ ልትዘል ስትል አልጋውን ሳተችው። ዷ! የሚል ድምፅ ሰምተን እኔ ከኩሽና፣ አባቷ ከታች እየተሯሯጥን መጣን። ልጅቷ ወለሉ ላይ በጀርባዋ ተኝታለች። አላለቀሰችም። ዓይኗን ብቻ አንከራትታ በሩ ላይ የቆመውን አባቷን አየችው። እሱ ፊቱ አመድ መስሏል፤ ሁለት እጁን ራሱ ላይ አድርጎ "እኔን! እኔን! ወይኔ ልጄን!" ብሎ ሲጮኽ፣ ያኔ ነው ለቅሶዋን የለቀቀችው። በመውደቋና በማልቀሷ መካከል የነበረችውን ያችን ትንሽ ፋታ በዓይኔ አይቻለሁ። ምን ያደርጋል፣ ልብ አላልኳትም።

ክሊኒክ ወስደናት ሐኪሙ ቢያገላብጣት ከግንባሯ እብጠት በቀር ምንም አላገኘባትም። ባሌ ግን ላብ በላብ ሆኖ ስለነበር ሐኪሙ መጀመሪያ ውሃ የሰጠው ለእሱ ነው። "ይህች ልጅ አትዝለይ ስላላችኋት አትተውም" አለን። "የሚያስተምራት ሰው ፈልጉላት። ጂምናስቲክ ክለብ አስገቧት።"

"ጂምናስቲክ!" አለ ባሌ፣ ልክ ልጅህን ገደል ክተታት የተባለ ይመስል።

ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሐሜተኛ እንዳልባል ይህን ልናገርለት። ባሌ በግራ እግሩ ያነክሳል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ ኳስ ሊያወርድ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ወድቋል፤ እግሩ ሲድን አጥሮ ቀረ። አንዴ ብቻ፣ ገና ሳንጋባ፣ ስለዚያ ቀን ጠይቄው "መውደቁን አላስታውሰውም። የማስታውሰው የእናቴን ጩኸት ነው" ብሎኛል። ይኸው አድጎ ዓለምን ሁሉ ስፖንጅ ሊያለብስ የተነሳ ሰው ሆነ። ሲያናድደኝ ሲያናድደኝ ይህ ትዝ ይለኝና እተወዋለሁ፤ ሁልጊዜ ባይሆንም።

ቅዳሜ ሦስታችን ክለብ ልንመርጥ ወጣን። የመጀመሪያው ቅርባችን ነበር። ኃላፊው ከበር ጀምሮ ዋንጫ ሲያሳየን፣ የዋንጫውን ታሪክ ሲያወራን፣ ልጆች መኖራቸውን እስክንጠራጠር ድረስ አቆየን። እኔ "ከዚህ እስከ ቅርቡ ክሊኒክ በስንት ደቂቃ ይደረሳል?" ብዬ ጠየቅሁት። ፊቱ ተለወጠ። ባሌ በበኩሉ ተንበርክኮ ምንጣፉን በቡጢ ተጭኖ "በአራት" አለኝ። ወጣን።

ሁለተኛው አዲስ ሕንፃ ላይ ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ። ወላጆች ውጭ ሆነው የሚያዩበት ትልቅ መስታወት አለው፤ ውስጡ ደግሞ አንድ ጉድጓድ አለ፣ በጡብ በጡብ በተቆረጠ ስፖንጅ ጢም ያለ። ልጆቹ ሮጠው መጥተው እዚያ ውስጥ ይወረወራሉ። ባሌ ምንጣፉን ተጫነ፤ በሁለት ተመለሰ። ወደ ጉድጓዱ ሄዶ ክንዱን እስከ ብብቱ ከተተና ዓይኑን ጨፈነ። "ኦሪጅናል ነው" አለ በሹክሹክታ። "አንዱም ቅጥልጥል የለበትም።" በተጋባን ሰሞን እንኳ እኔን እንደዚያ ዓይኑን ጨፍኖ አላቀፈኝም። ያው ቀናሁ መሰለኝ፣ "እሺ በቃ፣ አውጣው ክንድህን፣ ሰው እያየህ ነው" አልኩት።

ሦስተኛውን የነገረችኝ የክሊኒካችን የመርፌ ክፍል ነርስ ናት። "መንታዎቼ እዚያ ከገቡ ወዲህ ለቁስል ብዬ አንድ ፕላስተር ከዚህ ወስጄ አላውቅም" ብላኛለች። ሄድን። ከአንድ ወረቀት መጋዘን ጀርባ ያለ አሮጌ አዳራሽ ነው። በሩ ላይ በእጅ የተጻፈ ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ "ወላጅ ካልወደቀ ልጅ አይመዘገብም።" ፈተና ምናምን አለ ማለት ነው ብዬ ደነገጥኩ፤ ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ስንት ዘመኔ!

አሠልጣኟ አጭር፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴትዮ ናት። ፊሽካ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ስትነፋው ግን አላየሁም። ልጆቹ ስስ በሆነ፣ ስፌቱ በፕላስተር በተጣበቀ ምንጣፍ ላይ እየተንከባለሉ ይስቃሉ። ባሌ ተንበርክኮ በቡጢው ተጫነ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ቆጠረ። ዘጠኝ ሲደርስ አሠልጣኟ አጠገቡ መጥታ ቆመች።

"ምን እየጠበቁ ነው?" አለችው።

"እስኪመለስ።"

"እሱማ ከተኛ ሃያ ዓመቱ ነው፤ አይድከሙ።"

ባሌ ከጉልበቱ ተነሳ፤ ጆሮው ቀልቷል። አሠልጣኟ ሥርዓቷን አስረዳችን። እዚህ ቤት ልጅ የመጀመሪያውን ወር የሚማረው መውደቅ ብቻ ነው፤ ወላጅ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ጫማውን አውልቆ፣ ልጁ እያየ፣ ምንጣፉ ላይ ይወድቃል። ያለዚያ ምዝገባ የለም።

"እኔ የመጣሁት ልጄ እንዳትወድቅ እንድትማር ነው!" አለ ባሌ።

"እንዳይወድቁ የሚያስተምር ሰው ካገኙ እባክዎ ለእኔም ይንገሩኝ፤ እመዘገባለሁ" አለችው።

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። እሱ የልጁን እጅ ይዞ ወጣ። ፌንጣ በሩ ጋ እስክትደርስ አንገቷን ጠምዝዛ ወደሚንከባለሉት ልጆች ታይ ነበር። እኔም አየኋት። ግን እንደዚያ ተቆጥቶ እያነከሰ የሚሄድን ሰው መንገድ ላይ አስቁሜ አልከራከርም አልኩና ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? እኔ እንኳ ያኔ ዝም በማለቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

ባለ መስታወቱ ክለብ ተመዘገበች። መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር። ባሌ በሥልጠናዋ ቀን ወርክሾፑን አስቀድሞ ዘግቶ ይሄድና አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ይቆማል። በሦስተኛው ሳምንት ላየው አብሬው ሄድኩ። ልጅቷ በቀጭን አግዳሚ እንጨት ላይ ስትራመድ ተንሸራታ ስትወርድ፣ እሱ መስታወቱን በመዳፉ እየመታ "እኔን! እኔን!" ይላል። ድምፁ ወደ ውስጥ አይሰማም፤ ፊቱ ግን ወለል ብሎ ይታያል። እሷ የወደቀችው በሁለት የሚመለሰው ምንጣፍ ላይ ነው፤ ትራስ ላይ እንደመተኛት ማለት ነው። ግን ከወደቀችበት ቀና ብላ መጀመሪያ የምታየው መስታወቱን ነው። ከዚያ ፊቷ ይጠቁራል።

በአራተኛው ሳምንት ተራ ሲደርሳት ከኋላዋ ያሉትን ልጆች ማሳለፍ ጀመረች። በአምስተኛው "ሆዴን አመመኝ" መጣ። ከዚያ ደግሞ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ደረጃው ላይ አገኘኋት፤ መደገፊያውን ይዛ በአንድ በአንድ እየወረደች። ጎረቤቴ "እሰይ! ልጅሽ ሰከነች፤ አደገች እኮ" አለችኝ። ሰከነች? ያበደ ይስከን! የእኔ ልጅ መብራቷ ነው የጠፋው። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ልጅ ሲሰበር ካርድ ይወጣለታል፣ ጀሶ ይደረግለታል፤ ለዚህ የትኛውን ካርድ ላወጣ ነው?

በዚያው ሳምንት ወርክሾፑ አዲስ ስፖንጅ ገባ፤ ክምሩ ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረው። ድሮ ቢሆን የመኪናውን ድምፅ ስትሰማ ገና ሳይራገፍ ላዩ ላይ ትገኝ ነበር። አሁን ግን በዳር በዳር ዞራ አለፈችና የቤት ሥራዋን ይዛ ጥግ ላይ ተቀመጠች። ባሌ እንጨት ላይ ማስቲሽ ይቀባ ነበር፤ ብሩሹን አየር ላይ እንደያዘ ቀረ። የፈሩት ይደርሳል የተባለው እንዲህ ዞሮ ሲመጣ ነው።

"ምናልባት" አለኝ ቀስ ብሎ፣ "ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ስፖንጅ እየጠነከረ ሄዶ ይሆናል። ቅዳሜ ሄጄ እንደገና ልየው።"

እዚህ ላይ ቱግ አልኩ። "አንተ ሰውዬ! አሁንም ስፖንጅ? ልጅህ አጠገብህ ተቀምጣለች፤ በቡጢ ሳይሆን በአፍህ ጠይቃት!"

አልጠየቃትም፤ ፈራ። እኔው ጎንበስ ብዬ "የኔ እናት፣ ለምንድን ነው የማትዘይው? እዚያ የሚቆጣሽ ሰው አለ?" አልኳት።

ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

"ስትወድቂ ያምሻል?"

"እኔን አያመኝም" አለች፤ እርሳሷን እያሽከረከረች። "ስወድቅ አባዬን ያመዋል።"

ባሌ ብሩሹን ጣሳው ውስጥ አስቀመጠ። ከኋላው አንድ ደንበኛ ለጥገና ያመጣው አሮጌ ወንበር ነበር፤ ሳይጫነው፣ ሳይቆጥር፣ ዘጭ ብሎ ተቀመጠበት። በአሥራ አንድ ዓመት ትዳራችን እንደዚያ ሲቀመጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ልቤ ተነካ፤ ከተናገርኩት ግማሹን ብመልሰው ደስ ባለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ከእኔ ቀድሞ ለብሶ ጠበቀን። ወዴት እንደምንሄድ አልጠየቅሁትም። የወረቀት መጋዘኑን አልፈን አዳራሹ ስንደርስ አሠልጣኟ በሩ ላይ ነበረች።

"መጡ?" አለችው፤ ሌላ ምንም አላለችም። ጨዋ ናት።

ባሌ ጫማውን አወለቀ። አንዱ ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል፤ ወይ ውርደት፣ ሰዎች ሚስት የለውም ወይ ይላሉ! እያነከሰ ምንጣፉ መሐል ሄደና ቆመ። ልጆቹ ዙሪያውን ተቀመጡ፤ ፌንጣ ከፊት።

"አገጭዎ ወደ ደረትዎ" አለች አሠልጣኟ። "እጅዎን አይዘርጉ። በትከሻዎ ይውረዱና ይንከባለሉ። መሬቱን አይከራከሩት።"

"እግሬ እኮ..." አለ።

"እግርዎን አይቻለሁ። በእግር አይደለም የሚወደቀው።"

ቆመ። አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆመ። ላቡ ከግንባሩ ሲወርድ አያለሁ። የፈራው መሬቱን አልነበረም፤ ያን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ወደቀ። መውደቅ ብሎ ዝም! አገጭ የለ፣ ትከሻ የለ፤ ቁም ሳጥን ከፎቅ እንደተለቀቀ ነው ዘጭ ያለው። አዳራሹ ተንቀጠቀጠ። አንድም ልጅ አልሳቀም።

ፌንጣ ተስፈንጥራ ሄደች። አጠገቡ ቁጢጥ ብላ ፊቷን ወደ ፊቱ አስጠግታ ዓይኑን ትመለከት ጀመር፤ ታልቅስ አታልቅስ ከፊቱ ልታውቅ እየጠበቀች። ያቺ የቁም ሳጥኑ ቀን ያየኋት ትንሽ ፋታ መጣች። አሁን ልብ አልኳት።

"እኔን አባዬ! አመመህ?" አለችው።

ባሌ ጣሪያውን አየ። ከዚያ ልጁን አየ።

"አዎ፣ ትንሽ አመመኝ" አላት። "ግን ምንም አይልም።"

"እውነትህን ነው?"

"እውነቴን ነው። እይኝ እስቲ" አለና ሳቀ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ሳቁ ግን የእውነት ነበር፤ የባሌን የውሸት ሳቅ ደንበኛ ሲጨቃጨቀው ስለምሰማ አውቀዋለሁ። ልጆቹ ይህን ሲጠብቁ ኖሮ በሳቅ አዳራሹን አናጉት።

"እንደገና?" አለች ፌንጣ።

"እንደገና።"

አሥራ ሁለት ጊዜ ወደቀ። በስምንተኛው በትከሻ መውረዱ ገባው። በአሥራ ሁለተኛው ተንከባልሎ በራሱ ጊዜ ተነስቶ ተቀመጠና ዋንጫ የተሰጠው ይመስል ዙሪያውን አየ። እኔ ጥጌን ይዤ ስስቅ አሠልጣኟ ዞር ብላ "እርስዎስ?" አለችኝ። "እኔ እኮ ካርድ ክፍል ነኝ" አልኳት። ይህን ምን ብዬ እንዳልኩት እስከ ዛሬ አላውቅም። አላተረፈኝም። ስወድቅ ምን እንደመሰልኩ ባሌን እንዳትጠይቁት፤ ሲያወራው መጨረሻ የለውም።

ያ ከሆነ ሁለት ወር አለፈው። ባሌ የአዳራሹን ምንጣፎች በሙሉ በነፃ ላድስ ብሎ ተነሳ፤ አሠልጣኟ "ስፌቱን ብቻ። ልጆቼን የሚያባብል ፍራሽ አልፈልግም" አለችው። ሲለምናት ሲለምናት በስድስት የሚመለስ ስፖንጅ ፈቀደችለት። በዕድሜው ሁሉ አውቆ የማይመች ነገር ሲሠራ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ እያጉረመረመ ሰፍቶ ጨረሰው።

ትናንት ከሥራ ስመለስ ወርክሾፑ በር ላይ ቆሜ አየኋቸው። እሱ ሶፋ ያለብሳል። ፌንጣ የስፖንጁ ክምር አናት ላይ ወጥታ ቆማለች። ዘለለች፤ እግሯ ጫፉን ስቶ በጎኗ ወደ ሲሚንቶው ሄደች። የባሌ እጅ ጨርቁ ላይ ድርቅ ብሎ ቀረ፤ አፉን ከፈተ፤ መልሶ ገጠመው። ልጅቷ አገጯን ወደ ደረቷ አድርጋ በትከሻዋ ተንከባለለች፣ ተነሳች፣ ቀሚሷን አራገፈች። እሱ ፊቱን አስተካክሎ እስክታየው እየጠበቀ ነበር፤ ለሁለት ወር የተለማመደውን ፊት። እሷ ግን ዞር ብላም አላየችው። እየሮጠች ወደ ክምሩ ተመለሰች።